ወደ ኢሪ የዞረ አንቴና

ኖርብ ጋይዳ ሪሞቱን እንደ ሽጉጥ ደግኖ ደጋግሞ ተኮሰ። ቴሌቪዥኑ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሰማያዊው መሀል የኬብል ኩባንያው የጻፋት አንዲት ትሑት ዓረፍተ ነገር ተንጠልጥላለች፤ ከጣቢያው ጋር በክፍያ ስላልተስማማን ይህን ቻናል ለጊዜው ማቅረብ አልቻልንም፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ትላለች።

"ማንን ነው የሚያመሰግኑት?" አለ ኖርብ። "እኔ መቼ ታገሥኩ?"

"አንተማ ትዕግሥትን በስም እንኳ አታውቃትም" አለች በርኒስ። በርኒስ የማዶ ጎረቤቱ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ኳስ ባለ ቁጥር ድንች የተጠቀጠቀበት የሊጥ ቅቅል በቅቤ ጠብሳ፣ ምላሷንም ስላ ትመጣለች። "ሰሞኑን በዜና ሲናገሩት ነው የሰነበቱት። አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ለእኔ የተናገሩት ግን አልመሰለኝም።"

የሟች ሚስቱ ወንድም ክላረንስ ከተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን አየ። "ሊጀመር ነው። ሬዲዮውን ክፈትና እንስማ፤ ያው ነው።"

ኖርብ እናቱን እንደሰደቡበት ሰው ዞሮ አየው። "ያው ነው?"

"ውጤቱ ማለቴ ነው።"

"ስማ ክላረንስ፣ እኔ በጆሮዬ ብቻ የሰማሁትን ባወራ ማን ያምነኛል? በዓይኔ ያየሁትን እንኳ ግማሹን ነው የምታምኑኝ።"

"ሩቡን" አለች በርኒስ።

በርኒስ ደግ ሆና ነው እንጂ ሩቡም ይበዛል። ከሰፈራቸው ከላካዋና ዳር ካለው ሐይቅ ክንድ የምታህል ዓሣ ብትወጣ፣ ኖርብ ሳሎን ስትደርስ ጀልባ ታክላለች። ኖርብ ሠላሳ ዓመት የዳቦ መኪና ነድቷል፤ እሱ እንደሚለው ያከፋፈለው ዳቦ ቢደረደር ጨረቃ ደርሶ፣ እዚያም ቁርስ ተበልቶበት ይመለሳል። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፣ ይስቃል፣ ሲናፍቀው ደግሞ መጥቶ "እስቲ ያንን ድገምልን" ይለዋል።

የዛሬው ነገር ግን ማጋነን አይፈልግም፤ እንዲያው በቁሙ ከባድ ነበር። በነሐሴ ኖርብ የጣራ አሸንዳ ሲጠርግ ከመሰላል ወድቆ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። በሱ አቆጣጠር ስድስት ነው። አንድ ልጁ ጃኒን ከሆስፒታል ባወጣችው ቀን መሰላሉን መኪናዋ ላይ ጭና ወሰደችና፣ "አባዬ፣ ይህ ቤት ለብቻህ ሰፍቶሃል" አለችው። አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ቦታ አይታለች፤ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ምግቡም አይከፋም። ኖርብ እምቢ አለ። ጃኒን ደጋገመች። በመስከረም፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ በረንዳ ላይ ቢራውን ይዞ ቆመና አፉ እንደ ልማዱ ቀደመው፦

"ዘንድሮ ዋንጫውን ካልበላን ቤቱን ሸጬ አንቺ ወዳልሽው እሄዳለሁ።"

"ምስክር አለኝ" አለች ጃኒን። በርኒስና ክላረንስ እጃቸውን አወጡ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ የከተማቸው የቡፋሎ ቡድን፣ ኳስ በእጅ ታቅፎ በሚሮጥበት በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማሸነፍ ጀመረ። በመከር አሸነፈ፣ በረዶ ሲገባም አሸነፈ። የኖርብ ደረት በየሳምንቱ አንድ ቁጥር እየሰፋ ሄደ። አሁን ጥር ነው፣ ጥሎ ማለፉም ደርሷል። ዛሬ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኖርብ ደግሞ ከቤቱ ይሄዳል።

"ቤቴን ያስያዝኩበትን ጨዋታ በሬዲዮ ልስማ?" አለና ካፖርቱን አነሣ። "በርኒስ፣ የሟቹ ባልሽ መሰላል ጋራዥ ውስጥ አለ?"

"ለምን ፈለግኸው?"

"ናፍቆኝ።"

"ጃኒን ትገድለናለች።"

"ጃኒን የወሰደችው የኔን መሰላል ነው። የጎረቤቶቼን አልወሰደችም።"

በርኒስ ወደ ክላረንስ አየች፤ ክላረንስ ወደ ባልዲው አየ። ከዚያ እሷው ቀድማ የጋራዧን ቁልፍ ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። እሷም ጨዋታውን ማየት ትፈልጋለች፤ አለመፈለግማ በዚያ መንገድ ላይ ነውር ነው።

ጣራው ላይ የነበረው በረዶ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ኖርብ ሲያወራው እስከ ብብት ነው፤ ግን ጉልበትም ቢሆን የሰባ ዓመት ሰው ጉልበት ነው። የአባቱ አንቴና ጭስ መውጫው ጥግ በጎኑ ተኝቶ አገኘው። ኬብል ከገባ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ንፋስ ጥሎታል፣ ወፍ ሠፍሮበታል፣ ዝገት ልሶታል። የሚወርደው ሽቦ ግን ደህና ነው። ቧንቧውን በሁለት እጁ ያዘ፣ በረዶው ጓንቱ ላይ ተጣበቀ፣ አንድ እርምጃ አንሸራተተውና ቆመ። ወደታች አላየም። ያን ጊዜ ነው አባቱ ትዝ ያለው።

ስታኒስላው ጋይዳ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በዚያን ዘመን ደንቡ ክፉ ነው፤ የስታዲየሙ ትኬት ተሸጦ ካላለቀ ጨዋታው በገዛ ከተማው ቴሌቪዥን አይታይም። ቡፋሎ ደግሞ ስታዲየሟ ሰፊ፣ ክረምቷ ረጅም፣ ኪሷ አጭር ነው። ስለዚህ ቡድኑ ከደጃቸው ሲጫወት የሩቅ አገር ሰው ያየዋል፣ የሰፈሩ ሰው ግን ግድግዳ ያያል። ስታኒስላው ይህን እንደ ግል ስድብ ቆጠረው። ከፋብሪካው የተጣለ ቧንቧ በትከሻው አምጥቶ እዚህ ጣራ ላይ ተከለና፣ የአንቴናውን ፊት በሐይቁ ዳርቻ ወደ ምዕራብ፣ ክልከላው ወደማይደርስባት ወደ ኢሪ ከተማ አዞረው። ቧንቧውን ለማቆም ስምንት ሰው አስፈልጓል ይላል ኖርብ። ቢራው ከበዛ አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

ሥዕሉ ከኢሪ ደክሞት ነበር የሚደርሰው። ስክሪኑ በረዶ ያዘንባል፣ ሜዳውም በረዶ ነው፤ የትኛው የሰማይ፣ የትኛው የቴሌቪዥን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ከጉም ውስጥ እንደ መንፈስ ብቅ ይላሉ፣ ይላተማሉ፣ ይጠፋሉ። ያቺ እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ ጭራሽ አትታይም። ሰው ሁሉ ታዲያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ የከተማውን ሬዲዮ ይከፍታል፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን በጉሙ ውስጥ ይፈልጋል። ለመንገዱ ሰው በሙሉ ያ ሳሎን ስታዲየም ነበር። ሴቶቹ ቋሊማና ጎመን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰበካውን የሚያስተዳድሩት ቄስ ኳስ ባለ እሑድ ስብከታቸውን ያሳጥሩና ከሁሉም ፊት ያለችውን ወንበር ይይዛሉ። ትንሹ ኖርብ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አፍንጫውን ከመስታወቱ አጣብቆ፣ "አየሁት፣ አየሁት፣ ሦስት ሰው አንጠልጥሎ ነው የሮጠው" ይላል። ማንም አላየም፤ ሁሉም ግን ያምነዋል። አባቱ እየሳቀ፣ "ይህ ልጅ ከአንቴናው ይሻላል" ይል ነበር። የኖርብ ማጋነን እዚያ ወለል ላይ ነው የተወለደው። ሥራ ነበር፤ ለሰፈሩ የሚሠራው ሥራ።

"ኖርብ" አለ ክላረንስ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ። "በርኒስ ሽቦውን ሰክታለች። ቻናል ፈልግ የሚለውን ተጭናለች። አቁመው።"

ኖርብ ቧንቧውን አቆመ፣ ማሠሪያው ውስጥ ከተተው፣ አዞረው። እጁ አቅጣጫውን በራሱ ያውቃል፤ አልጠየቀውም።

"መጣ?"

ክላረንስ ወደ ውስጥ ዞረ። የያዘውን የሊጥ ቅቅል አላምጦ ዋጠ። ከዚያ፣ "አልመጣም" አለ።

"አሁንስ?"

"ቆይ ልጠይቃት። አልመጣም።"

"አሁን?"

"አንድ ሰው በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ መጥቶ ነበር። ሄደ።"

ከየቤቱ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ጨዋታው ተጀምሯል፤ እንግዶቹ ሰባት ለዜሮ እየመሩ ነው። ኖርብ የገዛ ቤቱ እግሩ ሥር ሲንቀሳቀስ የተሰማው መሰለው።

በዚህ መሀል ቢጫ መብራቱን የሚያሽከረክር የከተማው በረዶ መጥረጊያ መኪና መንገዱን እየላገ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከሹፌሩ ጎን በር ተከፈተና ጃኒን ወረደች። ጃኒን የእነዚህ መኪኖች ስምሪት ክፍል ነው የምትሠራው፤ በመገናኛ ሬዲዮ ማን የትኛውን መንገድ ይጥረግ የምትለው እሷ ናት። ኮፍያ አላደረገችም። በረዶውን በትልልቅ እርምጃ እየረገጠች መጥታ መሰላሉ ሥር ቆመች።

"አባዬ።"

"እንዴት ዋልሽ ልጄ። ሥራ አልገባሽም?"

"ገብቼ ነበር። ሹፌሩ በመገናኛው ምን ብሎ እንደጠራኝ ታውቃለህ? 'ጣራ ላይ አንድ ነገር ቆሟል፤ ወይ አባትሽ ነው፣ ወይ ለአባትሽ ያቆሙለት ሐውልት ነው' ነው ያለኝ።"

"ሐውልቱ ነው በይው።"

"ውረድ።"

"መጣ በይኝና እወርዳለሁ።"

"እኔ ልቤ ሊፈርጥ ነው፣ አንተ ታላግጣለህ። መሰላሉን ከየት አመጣኸው?"

በመስኮቱ በኩል ይሰማ የነበረው የበርኒስ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ክላረንስም አንገቱን እንደ ኤሊ መለሰ።

"አምላክ ሰጠኝ" አለ ኖርብ። "ጃኒን፣ ልቤ እንጂ እግሬ አልሸሸም። ሥዕሉን ሳላመጣ አልወርድም። ፖሊስም ጥሪ፣ እሳት አደጋም ጥሪ፤ ሲመጡ ግን አንዳቸው ቧንቧውን ይያዙልኝ።"

ጃኒን መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። ከላይ "አሁንስ?" ይላል፣ ከውስጥ በርኒስ "አልመጣም" ትላለች፣ ክላረንስ ያንን ሰምቶ፣ አስቦበት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲያስተላልፍ ኖርብ አንቴናውን ሌላ ቦታ አድርሶታል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። በአራተኛው ጃኒን መቆም አቃታት።

"እንዲህ ከሆነማ እስከ ፋሲካ ጣራ ላይ ነው የሚኖረው" አለችና ሹፌሩን ጠርታ መሰላሉን አስያዘችው። ራሷ ወጥ ቤት ገብታ ክላረንስን በክርኗ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ላይ ቆመች። ቦታዋ ነው። ልጅ ሆና ቀይ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ የምትቆመው እዚያ ነበር፤ እናቷ ሎሬን ከሳሎን ትጠራለች፣ እሷ እንደ ደወል ተቀብላ ወደ ጣራ ትወረውራለች።

"አልመጣም" አለች ጃኒን። ድምፅዋ ወዲያው ያንኑ ዜማ ይዞ ወጣ። "ትንሽ ወደ ግራ። ቀስ። ቀስ አልኩህ። ተቆራርጧል። ቆመ። ጠፋ።"

"ወደ ሐይቁ ላስጠጋው?"

"ወደ የትም አታስጠጋ፣ አንተ ራስህ ዳሩ ላይ ነህ።"

ያን ጊዜ በርኒስ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በረንዳ ላይ ወጣች። አንጋጣ አንቴናውን አየች። አንገቷን ወደ ሐይቁ አዙራ አየች። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ፣ ጫፉ ላይም ቀይ መብራቱን እያበራ የሚያጠፋውን የከተማውን ጣቢያ ማማ አየች።

"ኖርብ" አለች። "ወዴት ነው ያዞርከው?"

"ወደ ኢሪ ነዋ።"

"ለምን?"

ኖርብ ከአንቴናው ላይ በረዶ አራገፈ።

"ዛሬ ማን ከለከለንና ነው ኢሪ የምንሄደው?" አለች በርኒስ። "ትኬቱ አልቋል፣ ክልከላው ከቀረ ዓመታት ሆነው። ጨዋታውን የሚያሳየው የኛው ጣቢያ ነው። እዚያ፣ ከመቀመጫህ በስተጀርባ ቆሞ ዓይኑን ይጠቅስሃል።"

ሹፌሩ ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ ክላረንስ፣ ከዚያ ሳትወድ በግድ ጃኒን። ኖርብ ቀስ ብሎ ዞሮ ማማውን አየው። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጣራ የወጣው የራሱን ቡድን ከሰው አገር ለመለመን ነው። የራሱ ከተማ ማማ እዚያው ሆኖ፣ እጁ አንድም ቀን ወደዚያ ዞሮ አያውቅም።

"እያሞቅሁት ነበር" አለና ቧንቧውን ወደ ኮረብታው አዞረው።

ክላረንስ ሳሎን ውስጥ ከከፈተው ሬዲዮ ጩኸት መጣ። ጃኒን ወደ ሳሎን አየች። ስክሪኑ ላይ ያሉት አራት ማዕዘኖች ተሰበሰቡ፣ ተያያዙ፣ ሜዳ ሆኑ። የሣሩ አረንጓዴ፣ የመስመሩ ነጭ፣ ከተጫዋቾቹ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ታየ።

"መጣ" አለች። "አባዬ፣ መጥቷል። ኬብሉ እንኳ እንዲህ አጥርቶ አያውቅም።"

ኖርብ ሲወርድ እየፎከረ ነበር። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ግን ፉከራው ቆመ፤ ጃኒን ከኋላ ቀበቶውን ጨብጣ አልለቀቀችም።

ጃኒን ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ስትል ክላረንስ ከባልዲው ብድግ አለ።

"ይቅርታ" አለ። "ሕግ አለ። ዘግይቶ የመጣ ባልዲ ላይ ነው።"

የባልዲው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ጥር ቡፋሎ በሠላሳ ሁለት ነጥብ ተመርቶ፣ ተነሥቶ ያሸነፈበት ጨዋታ ነበር። ያ ጨዋታም በከተማው ተከልክሎ ስለነበር ሳሎኑ ከኢሪ በሚመጣው ጉም ነበር የሚኖረው። በእረፍት ሰዓት ክላረንስ፣ "ይሄማ ሞቷል፣ መኪናዬን ልጠግን" ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሰዉ ተቃቅፎ ያለቅሳል፣ ቄሱ ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ኖርብ ባልዲ ደፍቶ አሳየው። "የሸሸ ሰው ወንበር የለውም" አለው። ከዚያ ጀምሮ ክላረንስ ኳስ የሚያየው ባልዲ ላይ ሆኖ ነው። በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው እዚህ ሳሎን ነበርን የሚሉት ሰዎች ዛሬ ቢቆጠሩ ስታዲየሙ አይበቃቸውም፤ ከሁሉም መሀል አልነበርኩም ብሎ የሚመሰክር ክላረንስ ብቻ ነው።

ጃኒን ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ክላረንስ ሶፋው ውስጥ እንደ ጳጳስ ሰመጠ። "ጀርባዬ አላወቀውም" አለ።

ወዲያው ኳሷ ከቡፋሎ እጅ አመለጠች። እንግዶቹ አንሥተው መስመሩን አለፉ። አሥራ አራት ለዜሮ።

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ክላረንስ ዞሩ።

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"ተነሥ" አለች በርኒስ።

"ገና አልሞቀኝም እኮ።"

"ክላረንስ" አለ ኖርብ፣ "ቤቴን በመቀመጫህ እየሸጥከው ነው።"

ክላረንስ እያጉረመረመ ወደ ባልዲው ተመለሰ፤ ጃኒን ከአባቷ አጠገብ የእናቷ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ይኸው፣ ማንም መጥቶ ይጠይቅ፣ ጨዋታው ተገለበጠ። ቡፋሎ አንድ አገባ፣ እንደገና አገባ። ኖርብ እንደ ድሮው ድምፁን ባጠፉት ስክሪን ፊት ቆሞ ከሬዲዮው እየቀደመ ይተርክ ጀመር፤ አራት ሰው ያደረገውን ስምንት፣ አሥር ሜትር የሮጠውን ሠላሳ እያደረገ። በርኒስ ሥዕሉ እንደ መስታወት ጠርቶ እያየችው፣ ማጋነኑን አላቋረጠችም። ጃኒን መጀመሪያ እጇን አጣጥፋ ነበር። ሦስተኛው ሩብ ላይ ካፖርቷን አወለቀች። አራተኛው ላይ የአባቷን ክንድ ጨብጣ ነበር። ሹፌሩ ቢጫ መብራቱን አብርቶ በር ላይ ትቶ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ እያየ ነው፤ የዚያ ቀን የላካዋና በረዶ ራሱን ይጥረግ።

ቡፋሎ በአንድ ነጥብ እየመራ ሳለ እንግዶቹ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሦስት ነጥብ ለምታስገኝ ምት ቆሙ። ምቱ ከሩቅ ነው። ንፋስ አለ።

"ይስታል" አለ ኖርብ። "ይህ ንፋስ የኛ ነው። አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ነው ያደገው።"

ኳሷ ተነሣች፣ ተሽከረከረች፣ ንፋሱ ወደ ቀኝ ገፋት። ቋሚውን ነካች። ከቋሚው ጋር የተነጋገረች መሰለች። ከዚያ በውስጥ በኩል ወደቀች።

ከሬዲዮው ውስጥ ያ የለመዱት ድምፅ ብቻ፣ "እንግዲህ..." ብሎ ቆመ። ኖርብ ሄዶ ዘጋው።

በዚያ ሳሎን ሽንፈት እንግዳ አይደለም። አራት ዓመት በተከታታይ ለዋንጫ ደርሶ አራቱንም የተሸነፈ ቡድን ሌላ አለ ወይ? ሌላ ሰው ያፍርበታል፤ ኖርብ ግን ይኮራበታል። "አራት ጊዜ ለመሸነፍ አራት ጊዜ መድረስ ያስፈልጋል" ይላል። በመጀመሪያው፣ የመጨረሻዋ ምት በቋሚው ውጭ ያለፈች ጊዜ፣ አካፋ ይዞ ወጥቶ የመንገዱን በረዶ በሙሉ ጠርጎ ነበር። ሎሬን ካፖርት ይዛ ተከትላው፣ "ቢያንስ የኛን ደጅ አስቀድመህ ብትጠርግ" አለችው። ይህን ሲያስታውስ ሁልጊዜ ይስቃል። አሁን ግን አልሳቀም።

ክላረንስ ከባልዲው ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲህ... መስከረም ላይ የተባለ ነገር ነበር" አለ።

"ዝም በል" አለች በርኒስ።

"ምስክር አድርገውኝ ነው እኮ።"

ጃኒን አባቷን አየችው። "አባዬ፣ ዛሬ አንነጋገር። ግን ብለሃል።"

"ብያለሁ።"

"በሚያዝያ ክፍል አለ ብለውኛል።"

ኖርብ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ተጫዋቾቹ እየተቃቀፉ ሲለያዩ ያያል። ጀርባውን እንደሰጣት፣ "ጃኒን" አለ፣ "ከተወለድሽ ጀምሮ ስንት ነገር ነግሬሻለሁ? ዓሣውን ነግሬሻለሁ፣ አላመንሽም። ዳቦውን ነግሬሻለሁ፣ አላመንሽም። ስድስት የጎድን አጥንት ብልሽ የራጁን ፎቶ አሳየሽኝ።"

"ሁለት ነበር።"

"ታዲያ ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ይቺን አንዷን ብቻ መርጠሽ አመንሽኝ?"

በርኒስ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። ጃኒን ልትቆጣ ፈለገች፤ ፊቷ ግን አልታዘዛትም። "እሺ፣ መቼ ልመንህ? ምልክት ስጠኝ። አንድ እውነት ስትናገር እጅህን አውጣ።"

ኖርብ ዞረ። እጁን በእርግጥ አወጣ፣ እንደ ተማሪ።

"ዛሬ ጣራው ላይ ፈርቻለሁ" አለ። "አንዴ አንሸራትቶኛል።"

እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"ስለዚህ ጣራው ያንቺ ነው" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ አልወጣበትም። ቤቱ ግን የኔ ነው። ኳሱ ባለቀ ቁጥር አንድ ሰው ከቤቱ ቢወጣ ላካዋና ውስጥ ድመት አይቀርም ነበር። በመስከረም እንደገና ይጀመራል፤ እዚሁ ሶፋ ላይ ታገኚኛለሽ። የምትወስጂኝ ከሆነ ከነሶፋው ነው።"

ጃኒን ወለሉን አየች፤ አባቷ ልጅ ሆኖ የተንበረከከበትን፣ እሷም የዳኸችበትን ወለል። ከውጭ ንፋሱ እየበረታ ነው፤ ጣራው ላይ ቧንቧው ማሠሪያው ውስጥ ሲንቋቋ ይሰማል።

"አልጠበቀም" አለች።

"አልጠበቀም" አለ ኖርብ። "ቸኩዬ ነበር።"

"ይወድቅና መስኮት ይሰብራል።"

"የጣራ ነገር አያገባኝም። ባለቤት አለው።"

ጃኒን ካፖርቷን አነሣች። እጇን ዘረጋች፤ ኖርብ ከኪሱ መፍቻውን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ሹፌሩ የመኪናውን ትልቅ መብራት ወደ ጣራው አዞረላት። ስትወጣ እግሯ የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። ክላረንስ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመ፣ በርኒስ ቴሌቪዥኑ ጋ። ኖርብ ከመሰላሉ ሥር ነበር፤ በረዶው አንገቱ ውስጥ እየገባ፣ ሁለቱን ቋሚዎች በሁለት እጁ ጨምቆ።

"መጣ?" አለች ጃኒን ከላይ።

"ልጠይቃት" አለ ክላረንስ።

ኖርብ በሳሎኑ መስኮት አየ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ድሮ ቢሆን "የዓለምን ሕዝብ በሙሉ አመጣሽው" ይላት ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠው።

"መጥቷል" አለ። "ቀስ ብለሽ ውረጂ። ይዤልሻለሁ።"